ዘጠና ዘጠኙን ማን ያውጣቸው?

አንድ ሰው መልካም ሥራ ሠራ የሚባለው መቼ ነው? ውጤቱ መልካም ሲሆን ነው ወይስ ያንን ውጤት ለማግኘት ከራሱ አንድ ነገር ሲከፍል? ሁለቱ አብረው ሲገኙ ጥያቄው አያስቸግርም። ጎረቤቱን ከሚነድ ቤት ያወጣ ሰው ሁለቱንም ይዟል፤ ጎረቤቱ ተርፏል፣ የእሱም እጅ ተቃጥሏል። ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሲለያዩ ነው። እሳቱ የማይፋጅ ቢሆንስ? ገብቶ መውጣት ምንም የማያስከፍል ቢሆን፣ ያን ሰው ዛሬም ጀግና እንለዋለን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፈላስፎችም የሃይማኖት መምህራንም ሲያነሡትና ሲጥሉት ኖረዋል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ከሊቃውንት መጽሐፍ ሳይሆን፣ ብዙዎቻችን የልጆች ጊዜ ማጥፊያ አድርገን ከምንቆጥረው ቦታ፣ ከቪዲዮ ጨዋታ ነው። ይህን ስል ገጹን ለመግለጥ እጃቸውን የሚዘረጉ አንባቢያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ጥቂት ቢታገሡኝ፣ ጨዋታው ከብዙ ልቦለድ ያልተናነሰ ቁም ነገር እንዳለው ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጨዋታው «ኤብስ ኦዲሲ» ይባላል። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ የሠራው ሎርን ላኒንግና ሼሪ ማኬና እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ ያቋቋሙት ኦድወርልድ ኢንሃቢታንትስ የተባለ ድርጅት ነው። ሁለቱ ሰዎች ወደዚህ ሥራ የመጡት ለፊልም በኮምፒዩተር ሥዕል ከሚሠራበት ሙያ ነበርና ጨዋታቸውም የፊልም ጠረን ነበረው። ወገኑ ከዝላይና ከእንቆቅልሽ የተዳቀለ ነው። ተጫዋቹ ባለታሪኩን ከጎን እያየ ያስሮጠዋል፣ ያዘልለዋል፣ ገደል አፋፍ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ነገር ግን እግር ብቻ የትም አያደርሰውም። በየደረሰበት ቆም ብሎ፣ ይህን በር የሚከፍተው የትኛው እጀታ ነው? ዘበኛው ፊቱን የሚያዞረው መቼ ነው? እያለ ማውጣት ማውረድ አለበት።

ባለታሪኩ ኤብ ይባላል። በእኛ ሰፈር የጌም ቤት ልጆች «አቤ» ብለው የአበበ ሞክሼ አድርገውት ነበር። ኤብ ራፕቸር ፋርምስ በሚባል ግዙፍ የሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ወለል የሚወለውል፣ ከንፈሩ በክር የተሰፋ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ከሲታ ባሪያ ነው። ዘሩ ሙዶኮን ይባላል። ጌቶቹ ደግሞ ግሉኮን የሚባሉ፣ ሱፍ ለብሰው ሲጋር የሚያጨሱ ፍጡራን ናቸው። አንድ ሌሊት ኤብ በስብሰባ አዳራሹ በር ሲያልፍ፣ የፋብሪካው ጌታ ሞለክ ለባልደረቦቹ የሚናገረው ጆሮው ይገባል። ፋብሪካው ሲያርዳቸው ከኖሩት አራዊት አንዱ ዘር ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሌሎቹም ሊያልቁ ተቃርበዋል። ትርፉ አሽቆልቁሏል። ስለዚህ አዲስ ምርት ያስፈልጋል። የአዲሱ ምርት ሥጋ ደግሞ ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። ስሙም ተመርጦለታል፦ «አዲስና ጣፋጭ»።

ኤብ ይህን ሰምቶ ይሸሻል። ጨዋታው ከዚህ ይጀምራል።

መሣሪያ የለውም፤ አንዲት ጥይት ትበቃዋለች። ያለው ነገር አንደበቱ ነው። ያው የተሰፋው አፉ ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ወለል ወደሚፈትግ ባልንጀራው ይጠጋና ሰላም ይለዋል፤ ባልንጀራው ሲመልስለት «ተከተለኝ» ይለዋል፤ አደጋ ሲያይ «ቆይ» ይለዋል። የወፎች መንጋ ክብ ሠርቶ ከሚበርበት ቦታ ሲደርሱ ኤብ ያንጎራጉራል፣ ክቡም በር ሆኖ ይከፈታል፣ ባልንጀራው ዘልሎ ገብቶ ነፃ ይወጣል። ጠመንጃ የያዙትን ዘበኞች ደግሞ በዚያው ማንጎራጎሩ አእምሯቸውን ይይዝና በእነርሱ አፍ ይናገራል፣ በእነርሱ እጅ ይተኩሳል።

በፋብሪካው ውስጥ ከኤብ ሌላ 99 ባሮች አሉ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ቁጥር ምን እንደሚያስታውሰው መናገር አያስፈልገኝም። በምናውቀው ምሳሌ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን አንዷን ፍለጋ ይሄዳል። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። አንዱ አምልጧል፤ ዘጠና ዘጠኙ ቀርተዋል፤ ጥያቄውም አንዱ ለዘጠና ዘጠኙ ይመለስ ይሆን ወይ የሚል ነው።

የሚገርመው ጨዋታው ተጫዋቹን «አድናቸው» ብሎ አለማስገደዱ ነው። ባልንጀሮቹን ወለል እየፈተጉ ትቶ ወደ ፊት መሮጥ ይቻላል። በሩ ይከፈትለታል፣ ታሪኩም ይቀጥላል። አንዳንዶቹ ባሮች እንዲያውም ጠጋ ብሎ ላልመረመረ በማይታዩ ሥውር ክፍሎች ውስጥ ናቸው። በመንገድ ላይ የሚገሥጽ የለም፤ የሚቀጣም የለም። ፍርዱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ኤብ ተይዞ ከሥጋ መፍጫው በላይ ይንጠለጠላል። ከሃምሳ ያላነሱ ባልንጀሮቹን አውጥቶ ከሆነ፣ የዳኑት ተነሥተው ያድኑታል። ከዚያ ያነሱ ከሆኑ ግን ለእርሱ የሚነሣ አይኖርም፤ መፍጫው ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ ድካሙ መናገር አለብኝ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። በአሮጌው ጨዋታ እያንዳንዱ ስፍራ እንደ ተሰቀለ ሥዕል ለብቻው የቆመ ነበር። የሚቀጥለው ክፍል ምን እንዳለው የሚታወቀው እግር ከገባ በኋላ ነው። ኤብ ሲሞት ጨዋታው ራሱ ወደ ወሰነለት ቦታ ይመልሰዋል፤ ያም ቦታ አንዳንዴ ሩቅ ነው። ባልንጀራው በጥይት ሲወድቅ ተጫዋቹ ሁለት ምርጫ አለው። የሞተውን ትቶ መቀጠል አንዱ ነው። ሁለተኛው ሆን ብሎ ኤብን ገድሎ ወደ ኋላ መመለስና የመጣበትን መንገድ እንደገና መድከም ነው። ወጥመዱን እንደገና ማለፍ፣ ዘበኛውን እንደገና ማድባት፣ «ተከተለኝ» ብሎ እንደገና መለመን።

ይህን ጨዋታ የተጫወትኩት ፕሌይስቴሽን በደቂቃ ከሚከራይበት ቤት ውስጥ ነው። አብዛኛው ልጅ የሚመጣው ለእግር ኳሱ ነበር። ለ«አቤ» የሚቀመጥ ሲገኝ ግን ከኋላው ብዙ ተመልካች ይሰበሰብ ነበር፤ ክርክርም ይነሣል። አንዱ ሠራተኛ ሲሞት ከኋላ ያለው ጉባኤ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ተወው፣ ደቂቃህ አለቀ» ይላል፤ ግማሹ «ተመለስ እንጂ! ተከትሎህ መጥቶ አይደል የሞተው?» ይላል። በዚያ ቤት መመለስ በሳንቲም የሚቆጠር ዋጋ ነበረው። ለአንድ በሥዕል ለተሠራ ባሪያ የሻይ ገንዘቡን የከፈለ ልጅ አይቻለሁ። ልጁ ያደረገውን ሞኝነት ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። ደግነት ነው ከሚለው ጋር ግን እስማማለሁ።

*

እ.ኤ.አ. በ2014 ጨዋታው ታድሶ ወጣ። የእንግሊዙ ጀስት አድ ዎተር ከኦድወርልድ ጋር ሆኖ ከመሠረቱ እንደገና ሠራው። ቀለም ቀብቶ የመለሰው አይደለም፤ ግድግዳውን አፍርሶ በዚያው መሠረት ላይ እንደገና ያነፀው ነው። እንደ ሥዕል የቆሙት ክፍሎች ቀርተው ካሜራው ከኤብ ጋር አብሮ ይፈስሳል። ብርሃኑ፣ ጭሱ፣ የብረቱ ዝገት ዓይን ይማርካል። ተጫዋቹ የክብደት ደረጃ መምረጥ ይችላል። የሚድኑት ባሮች 99 መሆናቸው ቀርቶ 299 ሆነዋል። ከሁሉም በላይ ተጫዋቹ በፈለገበት ቅጽበት ያለበትን ቦታ ሴቭ ማድረግና ወደዚያው መመለስ ይችላል።

ስሙንስ ማን አሉት? «ኒው ኤን ቴስቲ»፤ አዲስና ጣፋጭ። አዎን፣ ያው ሞለክ ከባሮቹ ሥጋ ሊሠራው ያሰበው ምርት ስም። ይህን ስም የመረጡት ሰዎች ቀልደኞች ብቻ አይደሉም፤ ደፋሮችም ናቸው። የታሪኩ ፋብሪካ አዲስ አውሬ ሲያጣ ወደ ቤቱ ዞሮ የገዛ ሠራተኞቹን ያርዳል፤ ከዚያም «አዲስ» የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። የመዝናኛው ገበያስ? አዲስ ታሪክ ለመፍጠር ወጪውና ሥጋቱ ሲከብደው ወደ መጋዘኑ ዞሮ የድሮ ሥራውን አውጥቶ፣ አጥቦና ወልውሎ «አዲስ» እያለ የሚሸጥበት ጊዜ የለም? ሠሪዎቹ ይህን ሐሜት ከማንም በፊት ራሳቸው በሽፋኑ ላይ ጽፈውታል። በራሱ ላይ የሚስቅ ነጋዴ ግን ከነጋዴነቱ አይወጣም። ስለዚህ ጥያቄው ይቀራል፤ ይህ የታደሰ ነገር ያው አሮጌው ነው ወይስ በአሮጌው ስም የሚሸጥ ሌላ ሥጋ?

ግሪኮች ስለ ቴሴዎስ መርከብ የሚያወሩት የታወቀ ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው አቴናውያን መርከቡን ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎቹም መርከቡ ያው ነው፣ አይደለም እያሉ ይከራከሩበት ነበር። በእኛም አገር የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን በየዘመኑ ይከደናል። የመጀመሪያው ሣር አንዲት ሰበዝ እንኳ ሳትቀር ስሙ ያው ነው፣ ደብሩም ያው ነው። ሰው ለሣሩ አይጨነቅም፤ ሣሩ የሚቆመው ለሌላ ነገር ነውና። ስለዚህ ማንኛውም እድሳት ሲመጣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ተለወጠ?» የሚለው አይመስለኝም፤ «የትኛው ሣሩ ነው? የትኛው ታቦቱ ነው?» የሚለው ነው።

የጣቶቹን ነገር እንመልከት። ኤብ መጀመሪያ ሲሣል በእያንዳንዱ እጁ አራት ጣት ነበረው። በጃፓን ግን አራት ጣት ማሳየት፣ ከእርድና ከቆዳ ሥራ ጋር በተያያዘ ሲናቁ የኖሩ ወገኖችን መስደቢያ ምልክት ሆኖ ኖሯል። የሥጋ ፋብሪካ ባሪያን ባለ አራት ጣት አድርጎ ማሳየት ምን ዓይነት ቁስል እንደሚነካ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ጣቶቹ ሦስት ሆኑ፤ በታደሰውም ጨዋታ ሦስት ናቸው። ይህ ለውጥ ታሪኩን አጎደለው? እኔ በበኩሌ ይበልጥ ራሱን አደረገው እላለሁ። ስለ ተናቁ ሠራተኞች የሚናገር ሥራ በተናቁ ሠራተኞች ላይ ስድብ ሆኖ ሊቀር አይገባውም ነበርና። ጣቶቹ ሣር ነበሩ። ሥዕሉም፣ ካሜራውም ሣር ነው፤ ለዚህ አላለቅስም።

ወደ ኋላ የመመለስ ዋጋስ? እሱም ሣር ነው?

*

የእህቴ ልጅ አዲሱን ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጎበዝ ነው። ወደ እያንዳንዱ አደጋ ከመግባቱ በፊት አንዲት ሴቭ ያደርጋል። ሠራተኛው ሲሞት ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ ጣቱ ብቻ ይንቀሳቀስና ሟቹ ከሁለት ሰከንድ በፊት ወደ ነበረበት ሕይወቱ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ሞተ፣ ሦስት ጊዜ ተነሣ፣ በአራተኛው ዳነ። «በድሮው ቢሆን እስከ እዚያ ማዶ ትመለስ ነበር» አልኩት። «ለምን?» አለኝ። «ላንዱ ሰውዬ ብዬ? አጎቴ ደግሞ! አሁን እኮ ሁሉንም ነው የማወጣቸው።»

መልሱ ቀላል መልስ አይደለም። ልጁ ልክ ነው፤ ሁሉንም ያወጣቸዋል። በዚያ በደቂቃ በሚከራየው ቤት 99ኙን ያወጣ አንድም ልጅ አላየሁም፤ እሱ ግን 299ኙን ሊያወጣ ይችላል። ደግነት የሚለካው በዳኑት ቁጥር ከሆነ፣ አዲሱ ጨዋታ ከአሮጌው ሦስት እጥፍ ይበልጣል፣ ክርክሩም እዚህ ላይ ይዘጋል። ለዳነው ሰው ያዳነው ሰው መድከሙና አለመድከሙ ምን ይፈይድለታል? ዋናው ከመፍጫው መትረፉ አይደለም?

ይህን ክርክር አቅልዬ አላየውም። እውነተኛ ሰው እውነተኛ ፋብሪካ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ያለ አንዳች ድካም የሚያወጣውን መንገድ መርጬ ጀግንነቱን እተወው ነበር። የሰውን ነፍስ የራሱን ትልቅነት መለኪያ አድርጎ አስቸጋሪውን መንገድ የሚመርጥ ሰው ደግ ሳይሆን ትዕቢተኛ ነው። ከጨዋታው ውስጥ ግን በእውነት የሚድን ሰው የለም። 99ም ሆነ 299 ብርሃንና ጥላ ናቸው። እዚያ ውስጥ እውነተኛ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በተጫዋቹ ልብ ውስጥ የሚካሄደው። ሠራተኛው ሲወድቅ ልቡ ውስጥ «ልተወው ወይስ ልመለስ?» የሚል ሙግት ተነሥቶ ከሆነ፣ ጨዋታው ሥራውን ሠርቷል። መመለስ ምንም የማያስከፍል ሲሆን ግን ሙግቱ ራሱ አይነሣም። ሙግት በሌለበት ደግሞ የሚቀረው ቆጠራ ነው፤ 297፣ 298፣ 299። የሸቀጥ ቆጠራ! ይህ ደግሞ ሳናስበው ወደ ሞለክ መጋዘን ይመልሰናል። እሱም ሠራተኞቹን በቁጥር ነበር የሚያውቃቸው።

ታዲያ አዲሱ ጨዋታ ታቦቱን ጥሎ ሣሩን አሳምሯል ብዬ ልደምድም? እዚህ ላይ ፍትሕ የሚጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ የድሮው ጭካኔ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አልነበረም። ጣቱ ፈጣን ለሆነው ልጅ መመለስ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ለደከመ፣ ሥራ ውሎ ማታ ግማሽ ሰዓት ብቻ ለተረፈው ሰው ግን በሩ የተዘጋ ነበር። ዋጋ ያስተምራል ሲባል፣ ዋጋውን ከቶ መክፈል የማይችለው ሰው ምንም ሳይማር ከደጅ እንደሚቀር መዘንጋት አይገባም። ድህነት ያስተምራል የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከድህነት የወጡቱ ናቸው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። አዲሱ ጨዋታ ሴቭ ማድረግን ፈቀደ እንጂ አላዘዘም። የፈለገ ሳይነካው መጫወት ይችላል። ይህን ሳስብ የጾም ነገር ትዝ ይለኛል። ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳይበላ የዋለ ሰው ተራበ ይባላል እንጂ ጾመ አይባልም። ጾም የሚኖረው መሶቡ ሙሉ ሲሆን ነው። በድሮው ጨዋታ የተመለሱት ልጆች ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም፤ ወይ መተው ወይ መድከም ነበር። ዛሬ ግን ማዕዱ ተዘርግቷል። ድካሙን ማንም ሳያስገድደው የሚመርጥ ተጫዋች ቢገኝ፣ የእሱ መመለስ ከእነዚያ ልጆች መመለስ የበለጠ ነፃ ነው፤ ነፃ የሆነ ነገር ደግሞ የበለጠ የራሱ ነው።

ነገር ግን ሙሉ መሶብ አጠገብ ለመጾም በመጀመሪያ ጾም የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የእህቴ ልጅ ሴቭ ማድረጉ ጥፋት አይደለም። መመለስ የሚባል ነገር እንደነበረ፣ ለዚያም ሰው የሻይ ገንዘቡን ይሰጥ እንደነበረ የነገረው ስለሌለ፣ የተወው ነገር መኖሩን ሳያውቅ ነው የተወው። የአሳዳሾች ዕዳ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሮጌውን ሥራ ሲያቀሉልን፣ ያቀለሉት ምን እንደነበረ ሊነግሩን ይገባል። ሸክሙን ከትከሻችን ሲያወርዱ፣ ሸክሙን ደብቀው ሳይሆን አጠገባችን አስቀምጠው መሆን አለበት፤ ያሻው እንዲያነሣው።

ከጨዋታው ውጭ ያለውም ዓለም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዛሬ ሥራው ሁሉ ቀለል እየተደረገ ነው። የታመመ ዘመድ መጠየቅ በስልክ ሆኗል፤ ለቅሶ መድረስ በአንዲት መልእክት፣ ምጽዋትም ጣትን በማንቀሳቀስ። ለተቸገረው ገንዘቡ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከውጭ አገር በደቂቃ ውስጥ ለእናቱ ብር የሚልክን ልጅ በእግርህ ይዘህ ና የሚል ጅል አይኖርም። ግን ድሮ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ቀን በበቅሎ የተጓዘ ሰው፣ ሐዘንተኛው ደጅ ሲደርስ ገና አፉን ሳይከፍት ብዙ ተናግሮ ነበር። መንገዱ ራሱ ንግግር ነበር። መንገዱ ሲያጥር ያ ንግግር ወዴት ሄደ? በሌላ ነገር ካልተካነው በራሱ አይመለስም። ሰዓት ቆርጦ ከታመመው አጠገብ መቀመጥ ዛሬም ይቻላል። ማንም አያስገድድም፤ ማንም አይቆጥርም።

ጨዋታው የዳኑትን ይቆጥራል። ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደተመለስን የሚቆጥር ሰሌዳ ግን በአሮጌውም አልነበረም፣ በአዲሱም የለም። በዚያ ጌም ቤት ያየሁት ልጅ ስንቱን እንዳዳነ ዛሬ አላስታውስም። ደቂቃው አልቆ የቤቱ ባለቤት መጥቶ ከጀርባው ሲቆም፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል አንዲት ሳንቲም ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ገና የተነሣውን ሠራተኛ «ተከተለኝ» ይል ነበር።